እርማት፦ የከዳው ዓለቱ እንጂ ማማው አይደለም

«እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ከእንግሊዝ ጠረፍ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ ባለው የኤዲስቶን ዓለት ላይ የሠራው፣ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጥ የመብራት ማማ አርጅቶ ሊወድቅ ሲል ፈረሰ» የሚባለው ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 የበራው ይህ ማማ ራሱ ጤነኛ ነበር። ማዕበል የቦረቦረው ከሥሩ ያለውን ዓለት ነው፤ ትልቅ ሞገድ በመታው ቁጥር ይንቀጠቀጥ የነበረውም ለዚህ ነው። ግንባታውማ የዋዛ አልነበረም፦ የግራናይት ድንጋዮቹ እርስ በርስ እንዲቆላለፉ ተደርገው ተጠርበዋል፣ በረድፎቹ መካከል የእብነ በረድ ካስማ ገብቷል፣ ማያያዣው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ዳግላስ በ1882 ተተኪውን ያቆመው በሌላ የዓለቱ ክፍል ላይ ሲሆን፣ መሠረቱን ቀጥ ያለ ሲሊንደር አደረገው፤ የስሚተን ጎበጥ ያለ እግር ሞገዱን ሽቅብ ያስወጣው ነበርና። የአሮጌው ማማ የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ ፕሊመዝ ከተማ ላይ ቆሟል። ጉቶው ዛሬም ከአዲሱ ጎን ይታያል።