ድንች መላጥ ብቻ ነው ያላችሁት ፊልም

አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተርና ጸሐፊ ፖል ሽሬደር የተናገረው ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየ10 ዓመቱ የሚያወጣውን የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ይፋ ሲያደርግ፣ የቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲየልማን» አንደኛ ወጣ። ሽሬደር ፌስቡክ ላይ ውጤቱ የምርጫውን ተዓማኒነት ይሸረሽራል፣ ፊልሙም ከእንግዲህ የተዛባ «ዎክ» (ለፆታና ለዘር እኩልነት ሲባል ብቻ የሚሰጥ) ግምገማ ምልክት ሆኖ ይታወሳል ብሎ ጻፈ። ፊልሙን እንደሚወደውም ጨመረ። ይሄ ይባስ ያናድዳል። ከወደድከው ታዲያ ምን ቆረቆረህ? የፊልሙ ስም በተነሳ ቁጥር ይህችኑ አባባል እየመዘዙ የሚያወጡ ሰዎች አሁንም አልጠፉም።

ውጤቱን የሚነቅፉት ድምፅ የሰጡት ሃያሲያን በዙ ይላሉ። አዎ፣ በ2012 ከነበረው 846 ወደ 1,600 በላይ ደርሷል። ግን በ2012ም እኮ ከ145 ተነስቶ ነው 846 የገባው። ያኔ የሂችኮክ «ቨርቲጎ» «ሲቲዝን ኬን»ን ገልብጦ አንደኛ ሲሆን ይሄ ሁሉ ጩኸት የት ነበር? የአከርማን ፊልም ደግሞ ከሰማይ ዱብ አላለም። ያኔም ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን «ካሜራ አስቀምጦ ድንች ስትልጥ መቅረጽ ምን ጥበብ አለው?» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ወይ ፊልሙን አላየም፣ ወይ እያየ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ፊልሙ 201 ደቂቃ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት የብራስልስ እናት 3 ቀን ስትኖር እናያለን። ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ከሰዓት በኋላ ወንድ ተቀብላ ገንዘቡን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ባለው የሾርባ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከክፍል በወጣች ቁጥር መብራት ታጠፋለች። ካሜራው ፍንክች አይልም። በአከርማን ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ፊቷን አያቀርብልንም፣ ሙዚቃም ምን እንደሚሰማን አይነግረንም። በመጀመሪያው ቀን የቤቱን ሥርዓት ከእሷ እኩል እናውቀዋለን።

በሁለተኛው ቀን ድንቹ ይበላሻል። እሳት ላይ ቆይቶበታል። በሌላ ፊልም ይሄ ምንም ነው። እዚህ ግን እናቲቱን ሆና የምትጫወተው ዴልፊን ሴይሪግ ድስቱን ይዛ የት እንደምትደፋው ጠፍቷት ክፍል ለክፍል ስትዞር ሆዳችን ይላወሳል። ሌላ ድንች ገዝታ ትመለሳለች። ተቀምጣ ትልጣለች። እጇ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ይቆማል፣ ይቸኩላል፣ እንደገና ይቆማል። ይህን ልዩነት የምናየው ትናንት ሥርዓቷን ስላየን ነው። በሦስተኛው ቀን የጫማ ብሩሽ ከእጇ ሲወድቅ ቤቱ የፈረሰ ያህል ያስደነግጣል። ወንድዬውን በመቀስ የወጋች ጊዜ «ከየት መጣ?» የሚል ተመልካች የለም። ሲመጣ አይተነዋል። ሦስት ሰዓቱ ለዚህ ነው ያስፈለገው! አንዱን ቁረጡት፣ ሌላው ትርጉም ያጣል።

ይህን ስትቀርጽ አከርማን ገና 24 ዓመቷ ነበር። ካሜራውን የያዘችው ባቤት ማንጎልት ነበረች፤ አብዛኛው የቀረጻ ቡድንም ሴት ነበር። እነዚያን የእጅ እንቅስቃሴዎች አከርማን ያየችው ከእናቷና ከአክስቶቿ ነው። እናቷ ናታሊያ ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከአውሽዊትዝ የተረፈች ሴት ናት፣ እናም በዚያ ቤት ውስጥ ሥርዓት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች።

ሽሬደር እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ፊልም ዳይሬክተሮቹ ኦዙ፣ ብሬሶንና ድሬየር ዝግታ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ወንዶቹ ሲዘገዩ መንፈሳዊነት ተባለ። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ ስትዘገይና አንደኛ ስትወጣ ፖለቲካ ሆነ። ደረጃው ይብዛባታል የሚል ሁሉ ከፊልሙ ውስጥ የቱ ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) ትርፍ እንደሆነ ይንገረን። እስካሁን የመራጩን ብዛት ሲቆጥሩ እንጂ አንድም ሾት ሲጠቅሱ አልሰማሁም።