ሥራ ገባህ አሉ

ሥራ የያዝኩት ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይለቀቃል፤ ዝናብና አዲስ በጀት። እኔ በበጀቱ ተቀጠርኩ፤ በዝናቡ ደግሞ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ቢሮዬ ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ቤቴ ቆጪ። ጠዋት ችግር የለም። ሁሉም እንቅልፉ ስላልለቀቀው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ አያይም። ጣጣው የሚጀምረው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ዝናቡ እንደ ጥሩ ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ባጃጆቹ ደግሞ ገና ጠብ ሲል ይጠፋሉ። ያልጠፉት "ኮንትራት ነው" ይሉሃል፤ ያውም ፊትህን ሳያዩ።

ጅማ ሦስት እግር ያለው ነገር ትወዳለች። በርጩማዋ ሦስት እግር ነው፣ ባጃጇ ሦስት ጎማ። ልዩነቱ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ "እስቲ ጠጋ በልላት" የሚልህ የለም። ባጃጅ በሕግ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው። በሐምሌ ዝናብ ግን አራተኛው ከሹፌሩ ጎን፣ ግማሽ ቂጡን ውጭ አድርጎ ይሄዳል። አራተኛው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሰላምታውን ነው።

ያለፈውን ሐሙስ ልንገራችሁ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ የገጠሩም የከተማውም ሰው ዕቃውን ታቅፎ መንገድ ላይ ነው። ሱቅ በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተገተርኩ በኋላ አንድ ባጃጅ "ቆጪ፣ አንድ ሰው!" ብሎ ጠራ። ሮጬ ከሹፌሩ ጎን ተሰካሁ። ዞር ስል ከኋላ ሦስት ሰው አለ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ።

በአንደኛው ጥግ የእድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ጭናቸው ላይ ዶሮ ይዘው። መሃል የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ። በወዲያኛው ጥግ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር፣ ጃንጥላቸው ጉልበታቸው መሃል ውሃ እያንጠባጠበ።

"ውይ፣ አንተ ነህ? ሥራ ገባህ አሉ!" አሉ ገንዘብ ያዧ።

"ባጋ ገመዴ!" አሉ ሐጂ፤ በኦሮምኛ እንኳን ደስ ያለህ ማለታቸው ነው።

መምህሬ ምንም አላሉም። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እዚያው ተዉት።

የባጃጅን ወግ ታውቃላችሁ። የሚያውቁህ ሰዎች እያሉ ለራስህ ብቻ መክፈል ነውር ነው። "ተይ እኔ እከፍላለሁ"፣ "በእናትህ"፣ "እንዳትቀበለው" እየተባለ ብር ይጓተታል። ሥራ ፈት ሳለሁ ይሄ ትግል በጣም ይመቸኝ ነበር። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድ ማድረግ ብቻ ይበቃል። "ተው አንተ፣ ከየት አምጥተህ!" ይሉኝና ይከፍሉልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተንፈላስሼ ኖሬአለሁ። አሁን ማንም አይታገለኝም። እጄ ኪሴ ሳይደርስ "ተባረክ" ይመጣል። ትንሽ እንኳ ቢከራከሩኝ ምን ነበረበት? ለወጉ!

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰፈር ሰው የባጃጅ ሒሳብ አልወደቀባቸውም። ባጃጅ አልነበረማ! እኔ ደግሞ ሥራ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ደሞዝ የሚባለውን ነገር ገና በዓይኔ አላየሁትም። የባጃጅ ብር የምትሰጠኝ እናቴ ናት።

መንገዱን በሙሉ ዶሮዋ አንገቷን አስግጋ የኮቴን ኮሌታ ትለቅማለች። ኮቱ የወንድሜ ነው። ዞሬ እንዳልቆጣት ገንዘብ ያዧ "ቢሮ ገባ ማለት እንዲህ ነው፤ ኮት በኮት ሆንክ እኮ" እያሉ ያደንቁኛል።

ደረስን። 50 ብር አወጣሁ። ሦስቱም በየመስኮታቸው ዝናቡን ማየት ጀመሩ። መስኮቱ ላስቲክ ነው፤ ምንም አያሳይም።

"የስንት ሰው?" አለ ሹፌሩ።

ለአፍታ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ መምህሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አራት ጊዜ አሥር፣ አርባ" አሉ። በጉዞው ሁሉ የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

"ዝርዝር የለኝም እኮ" አለ ሹፌሩ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "መልሷን ሻይ ልጠጣባት። ሥራ ገባህ ሲሉህ ሰምቻለሁ።"

በማግሥቱ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡም እንደ ወትሮው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጭቃው ጫማዬን አስቀርቶብኝ በካልሲ ሦስት እርምጃ ያህል ከተራመድኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ግን ደስ ብሎኛል፤ ማንም ሳያመሰግነኝ ቤቴ ልገባ ነው። በጎኔ ስንት ባጃጅ አለፈ። አንዱ ውስጥ ዶሮ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነጠላ ነው።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ልክ አይደለም።

"ምን ሆንሽ?"

"ገንዘብ ያዧ አሁን ከዚህ ሄደች። 'ልጅሽን ከሥራ አባረሩት እንዴ? በዚህ ዝናብ በእግሩ ሲኳትን በባጃጅ አልፌው መጣሁ' ትለኛለች። በሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ?"

ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ አራቱ ሰው፣ ስለ መልሱ፣ ስለ ደሞዙ። ሳልጨርስ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና እንደ ሎሚ የተጨማደደ 50 ብር እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ሰኞ በባጃጅ ትመጣለህ" አለች። "ገንዘብ ያዧን ካገኘሃት ደግሞ ክፈልላት። ለአንተ ስንቴ ከፍላለች።"