ማንጠግቦሽ ለምን ቀረች?

ባለፈው ሰሞን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ገንፎው ቀርቦ ጨዋታው እንደደራ አክስቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። «ማን አላችኋት?» አለች። «ኦሊቪያ» ተባለች። አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ስክሪኑ ላይ የሚታየን ጉትቻዋና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ሆነ። «ማ?» ሦስት ጊዜ ተነገራት። በመጨረሻ «እሺ፣ እግዜር ያሳድጋት» አለችና ዝም አለች።

ዝምታዋ ገብቶኛል። ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ አክስቴ የለመነችው አንድ ነገር ነበር። ሴት ከሆነች ማንጠግቦሽ በሉልኝ ብላ ነበር። ማንጠግቦሽ የእሷ እናት፣ የእኔ አያት ናት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አሜሪካዊቷ ባልደረባዬ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ የልጇን ፎቶ ታሳየናለች። ልጅቷ ሄዘል ትባላለች። የቅድመ አያቷ ስም ነው። ከሕፃኗ ፎቶ ቀጥሎ ደግሞ የአንድ አሮጌ ወረቀት ፎቶ አሳየችን። ቅድመ አያቷ በእጇ የጻፈችው የኬክ አሠራር ነው። ጠርዙን ቅቤ ነክቶታል። ከታች «ሄዘል» ይላል። «ስም ፍለጋ የቤተሰቡን የድሮ ወረቀት ስናገላብጥ ከረምን» አለችን፤ ፊቷ በርቷል። እኔ አንጀቴ አረረ። እነሱ የአያታቸውን ስም በባትሪ ይፈልጋሉ። እኛ በስልክ እየተለመንን እምቢ እንላለን።

እዚህ አገር ስም ዕድሜ ይናገራል። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሕፃናትን ስም በየዓመቱ ደረጃ አውጥቶ ያሳውቃል። ዝርዝሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1880 ይጀምራል። ሊንዳ ከ1947 እስከ 1952 አንደኛ ነበረች። ጄኒፈር ከ1970 እስከ 1984፣ 15 ዓመት ሙሉ፣ የነካት የለም። ስለዚህ ሊንዳ ሲባል ጡረታ የወጣች ሴት፣ ጄኒፈር ሲባል ልጇን ኮሌጅ የምታስገባ እናት ትታያቸዋለች። ኦሊቪያ በ2019 አንደኛ ወጣች። እኔን የገረመኝ ግን የድሮዎቹ መመለሳቸው ነው። ኤማ በ1880ዎቹ ከቁንጮዎቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወረደች፣ ተረሳች፣ በ2008 ተመልሳ አንደኛ ሆነች። ሄዘልማ ለብዙ ዓመታት ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ስሞች ውስጥ እንኳ አልነበረችም። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ሄዳችሁ ሄዘል ብትሉ አቤት የምትል አታጡም።

የእኛም ስም ትውልድ ይናገራል። አልማዝ፣ አስቴር፣ ፀሐይ ስትሉኝ እናቶቻችን ናቸው። ሜሮን፣ ሄለን፣ ቤተልሔም ካላችሁ የእኔ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ሦስት ሄለን ስለነበሩን በአባታቸው ስም ነበር የምንለያቸው። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ሀሴት የዛሬዎቹ ናቸው። እኛ ጋ ግን የሄደ ስም አይመለስም። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። ዛሬ ልጁን ከበቡሽ ወይም በላይነሽ ብሎ ሊጠራ የሚያስብ ካለ «ምነው፣ የሠራተኛ ስም!» ይሉታል። ይቺ ቃል ታንገበግበኛለች። ስሙንም፣ ያሳደገችንንም ሠራተኛ፣ በአንድ ምላስ መስደብ ነው።

ደግሞ ስሞቹን እስቲ ልብ ብላችሁ ስሟቸው። ወላጅ ልጁን እያናገረ ያወጣቸው ናቸው። ወርቅነሽ። ማንያህልሻል። ማንጠግቦሽ። እናት አራስ ቤት ሆና፣ ልጇን እያየች የተናገረችው ነገር እንዳለ ስም ሆኖ ቀረ። ልጅቷ በተጠራች ቁጥር ያንኑ ቃል ትሰማለች። ምትኬ ሲባል ደግሞ ከፊቷ የሞተ ልጅ እንዳለ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን ዓለም ሉሲ ይላታል። እኛ ስም ስናወጣላት አናገርናት፤ ድንቅነሽ አልናት።

የአክስቴ ልጅም ምክንያት አላት። እውነቷንም ነው። እኔም እዚህ ክሊኒክ ቁጭ ብዬ፣ ስም የምትጠራው ልጅ ወረቀቱን አይታ ዝም ካለች ተራዬ ደርሷል ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። «ልጄ ይሄን እንድታይ አልፈልግም» አለችኝ። ግን የልጅቷ የመጨረሻ ስም እኮ ገብረእግዚአብሔር ነው! ኦሊቪያን ፈጥና ያነበበችው ልጅ እዚያ ላይ ስትደርስ መቆሟ አይቀርም። «ደግሞ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የእኛ ስም ይኖራታል» አለችኝ። ይኑራት፣ ደስ ይለኛል። ግን ያን ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ማን ይጠራታል? ጠዋት ከእንቅልፏ ስትቀሰቀስ፣ ስታጠፋ፣ ራት ቀርቦ ስትጠራ የምትሰማው ስም ነው እኔን የቆጨኝ።

ትናንት እንደገና እነሱ ቤት ነበርኩ። አክስቴ ደወለች። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ማንጠግቦሽ ጠባች?» አለች።

የአክስቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ሕፃኗ አዞረችው።

«ጠብታለች እማዬ። አሁን ገና ተኛች።»