ሻንጣ ካየ ባጃጅ ይሰውራችሁ

ኤርፖርት መጠበቂያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። ከብርድ አይደለም፤ ባሕር ዳር ምን ብርድ አላት። ከንዴት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ልበር ነው፤ ለምን የሚለው ይቆየን። ወደ ባጃጁ ልግባ።

ጠዋት ከቤት ወጣሁ። ያው ከአባይ ማዶ ነኝ። ባዶ እጄን ብወጣ ሰባት ባጃጅ «ግባ፣ ግባ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሻንጣ ይዣለሁ። አንዱ ልጅ ቆመ። ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

«ኤርፖርት ስንት ነው?»

ሻንጣውን አየ። እኔን አየ። መልሶ ሻንጣውን አየ።

«700፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ ነገር ጋሼ ማነው? ገና 38 ዓመቴ ነው! ሲቀጥል ኤርፖርቱ ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት በ300 ነው የሄደው። ይህንኑ ነገርኩት።

«እሱ ሻንጣ ይዞ ነበር?»

«ሻንጣው ቤንዚን ይጠጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ገዝቼ ነው የምሠራ። ደሞ ድልድይ መሻገር አለ።»

ድልድይ! 380 ሜትር እኮ ነው! ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ስንቴ ወዲያ ወዲህ ብዬበታለሁ፣ ፎቶ ተነስቼበታለሁ። እስከ ዛሬ የመሻገሪያ የጠየቀኝ የለም።

«400 ልስጥህ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሰፈር ነዋ። እሱ ግን ድምፁን ለቀቀው።

«ኧረ ጋሼ! አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ለባጃጅ ይከራከራል?»

ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳቀች። ሊስትሮው ሳቀ። ሰላምታ ከነፈገኝ ዓመት ያለፈው ጎረቤቴ ሳይቀር ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እና ምን አደረግኩ? ተሳፈርኩ። በ650። 50 ብር አስቀንሻለሁ፣ አጨብጭቡልኝ።

መልስ የመጣልኝ ዘንባባዎቹን ስናልፍ ነው። ሁሌ እንዲህ ነኝ፣ ነገር የሚገባኝ ከረፈደ። «ተርፎኝ መሰለህ በአውሮፕላን የምሄደው?» ማለት ነበረብኝ። በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ አባይ በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት 550 ኪሎ ሜትር ቢያልፍም ድሮ ማን ይፈራው ነበር? ደጀን ላይ ተበልቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንዷ አስመልሷት፣ ተስቆ ይገባል። አሁን ግን መንገድ ተከፈተ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እገሌ ታገተ። የዚህ ትኬት ብር እኮ የዕቁብ ነው። ግን ለማን ይነገራል? ልጁ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ እያፏጨ ነው።

በሩ ጋ ስንደርስ ደሞ «እኛ ከዚህ አናልፍም» አለ። 650 ብሩ እስከ «ከዚህ» ድረስ መሆኑ ነው። የቀረውን ሻንጣውን እየጎተትኩ ሄድኩ። አንዱ ጎማ አይዞርም። አቧራው ላይ እንደ በሬ ስስብ ሳለ ከኋላዬ ጮኸ፦ «ስትመለስ ደውል ጋሼ!»

ከዚያ ፍተሻ። ቀበቶ አውልቅ፣ ጫማ አውልቅ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ አይታ እንዳላየ ሆነች፣ እግዜር ይስጣት። ሚዛኑ ላይ የእማዬ በርበሬ ጉድ ሠራኝ። ሻንጣው በሰው ፊት ተከፈተ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ አስነጠሰ።

ይሄ ግን የአክስቴን አያህልም። የዛሬ ዓመት ትኬቷ ላይ 7:30 ይላል። 7 ተኩል አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሽ» ስለተባለች ልክ ከቀኑ 5 ተኩል ላይ ከች አለች። በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ማን ይንገራት? አውሮፕላኑ ጠዋት 1 ተኩል ላይ ሄዷል። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እማማ፣ እሱማ ደርሶ ቡና ጠጥቷል።» ለአገር ውስጥ በረራ፣ በአገራችን ሰዓት መጻፍ ይሄን ያህል ከበደ? ቢያንስ አጠገቡ «ጠዋት» ብሎ ማስፈር ቀለም ያስጨርሳል? ብሯ ቀለጠ። እስከ ዛሬ ሰዓት ስትጠየቅ መጀመሪያ «የማን?» ትላለች።

ቆይ፣ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ።

«ውድ መንገደኞቻችን፣ በገጠመን ምክንያት...»

በገጠመን ምክንያት! ምክንያቱ ራሱ ምክንያት ነው። በረራው የሚፈጀው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እኔ ከቤት ከወጣሁ አራት ሰዓት አለፈኝ። ጣናን በታንኳ እየቀዘፍኩ ብነሳ እስካሁን ዘጌ ደርሼ ቡና ጠጥቼ ነበር። አዎ፣ ዘጌ ወደ አዲስ አበባ አይወስድም። አውቃለሁ። አትጻፉልኝ።

ባትሪዬ 9 ፐርሰንት ነው። ሶኬቱን የያዘው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

የባጃጁን ልጅ ስልክ ግን መዝግቤዋለሁ። ስመለስ ሌላ ማን አለኝ?