ውሃ ማፍላት ናይትሬት አያጠፋም

አቦ ወንድሜ፣ «የድሬ የጉድጓድ ውሃ ከፈላ በቃ፣ ናይትሬቱም ይጠፋል» ያልከው ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እሱ ላይ አልከራከርህም። ናይትሬት ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል ነው፤ ነፍስ የለው፣ በምን ይሞታል? ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም ብዙ ባፈላህ ቁጥር በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል።

ማንቆርቆሪያህን ከፍተህ እየው። ያ ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ነው። ሰው እሱን ያይና «ቆሻሻው ወጣ» ብሎ ይረካል። ናይትሬት ግን አይታይም፣ አይሸትም።

ከየት መጣ ካልክ፣ ከተማችን የምትጠጣው ሳቢያንን ከመሳሰሉ የጉድጓድ ቦታዎች ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ደግሞ በአሸዋማው መሬት ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። ፋብሪካ ብቻ አይደለም ውሃ የሚበክለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ የሚያሰጋው በዱቄት ወተት የሚያድግ፣ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ማጣሪያ ያወጣል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ለሕፃኑ ወተት መበጥበጫ ናይትሬቱ የተመረመረ ውሃ ፈልግለት።