ዚንኩ የወረደ ሕፃን ሁሉ ይሞላለት?

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ ሕፃን ሁሉ ዚንኩ፣ ሴሊኒየሙና የታይሮይድ ሆርሞኑ ይለካ፣ የጎደለውም ይሞላለት የሚል ሐሳብ አንድ የሕክምና ባለሙያ ሰሞኑን በአደባባይ አቅርበው ብዙ አጨብጫቢ አግኝተዋል። ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ባይ ናቸው።

ይጎዳል። የበዛ ዚንክ ሲቆይ መዳብ ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳል፤ ደም ማነስና የነጭ ደም ሴል መመናመን ይከተላል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተኝቶ ኤፍ-75 የተባለውን የሕክምና ወተት ለሚጠጣ ልጅማ ዚንኩ ወተቱ ውስጥ አለለት፤ የዚንክ እንክብል መጨመር መደረብ ነው።

ደግሞስ ጎደለ ያለው ማን ነው? ኢንፌክሽን ሲበረታ ጉበት በሰዓታት ውስጥ ዚንክን ከደም ስቦ ያስቀምጣል፤ ዚንክ ተሸካሚው አልቡሚንም ከደም ሥር ይሾልካል። ሴሊኒየም ይወርዳል፣ መዳብ ግን ተሸካሚ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ከፍ ይላል። ሲአርፒው (ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲን) በሊትር ከ20 ሚሊግራም ያለፈ ልጅ የዚንክ ውጤት የሚነግረን ልጁ መታመኑን ነው፤ ይህን ለማወቅ አልጋው አጠገብ መቆም ይበቃል። ናሙናውም አያስተማምንም። ደሙ ለማዕድን ምርመራ በተዘጋጀው ቲዩብ ካልተቀዳ የጎማ ክዳኑ ራሱ ዚንክ ይጨምርበታል። በቀጭን መርፌ በግድ ተስቦ ቀይ ሴሉ የፈነዳ ወይም ሴረሙ (ፈሳሽ ክፍሉ) ሳይለይ ያደረ ደም ደግሞ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። በዚህ ላይ ነው መጠን የሚሰላው?

ሙከራው ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ለ293 ጽኑ ሕሙማን ልጆች ዚንክና ሴሊኒየም ግሉታሚን ከተባለ የፕሮቲን ቅንጣትና ሜቶክሎፕራማይድ ከተባለ የማስታወክ መድኃኒት ጋር ወይም የወተት ፕሮቲን ብቻ ተሰጣቸው። የኢንፌክሽን ልዩነት ስላልታየ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ።

በሆርሞኑ በኩል ነገሩ ይብሳል። በጽኑ ሕመም ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፤ ታይሮይድን የሚያዘው የአንጎል ሆርሞን ቲኤስኤች ግን እንደ እውነተኛ የታይሮይድ እጥረት አያሻቅብም። ለእነዚህ ልጆች የሚሰጡ እንደ ዶፓሚንና ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶችም ቲኤስኤችን ይጫናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ በቤልጅየም፣ በኔዘርላንድስና በካናዳ 1,440 ልጆችን ያካተተው ጥናት በደም ሥር የሚሰጥ ምግብን ለአንድ ሳምንት ማዘግየት አዲስ ኢንፌክሽንን ከ18.5 ወደ 10.7 በመቶ እንደሚያወርድ አሳየ። ኋላ ሆርሞናቸው ሲመረመር ቲ3 ይበልጥ የወረደው ምግቡ በዘገየላቸው ልጆች ላይ ነበር። የተሻላቸውም እነሱ ናቸው! በዚያ ጥናት ለሁለቱም ወገን ማዕድናት ተሰጥተዋል፤ ግን በመመሪያው መጠን እንጂ ቁጥር እያሳደዱ አይደለም።

ሰፊ ቃጠሎ፣ የሰነበተ ተቅማጥ፣ ለሳምንታት በደም ሥር ብቻ መመገብ፦ እነዚህ በእርግጥ ማዕድን ያሟጥጣሉ፤ ምትክ ይሰጥ። ቲኤስኤቹ በግልጽ ያሻቀበ ልጅም ይታከም። የቀረው ልጅ ካገገመ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይለካ። የምርመራው ገንዘብ ደግሞ ፖታሲየምና የደም ስኳር ሌሊትም በሰዓቱ እንዲለኩ ይዋል።