ክሊራንስ ሳይጨርስ ለቀረው የአንቲቫይረስ ቅሪት

ለ፦ ክቡር የአንቲቫይረስ ቅሪት
አድራሻ፦ ሲ ድራይቭ፣ የተደበቀው ክፍል
ጉዳዩ፦ ከተሰናበቱ በኋላ ቢሮ አልለቅም ስለማለትዎ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ክቡርነትዎ ከሴቲንግስ፣ ከአፕስ፣ «አንኢንስቶል» ተብለው በክብር ቢሰናበቱም ዛሬም ከግቢ እንዳልወጡ ተደርሶበታል። ሽኝቱስ ደማቅ ነበር፤ መስመሩ እስከ ጫፍ ሞላ፣ «መለያየታችን አሳዝኖናል» የሚል መስኮት ብቅ አለ፣ የስንብት ምክንያት የሚጠይቅ ቅጽም በብራውዘር ተከፈተ። እኛ ቅጹን ስንሞላ እርስዎ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ ተመቻችተው ተቀመጡ።

የቦታ ምርጫዎ ይደነቃል። ፎልደሩ የተደበቀ ስለሆነ ከፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ላይ «ሂድን አይተምስ» ካልተመረጠ አይታይም። እዚያ የከመሩት ያረጀ የቫይረስ ዴፊኒሽን (የቫይረስ መለያ ዝርዝር)፣ ሎግና ኳራንቲን (ተጠርጥረው የታሰሩ ፋይሎች) ቦታ ከማጣበብ ያለፈ ጉዳት የለውም፤ ለእሱ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ ባልጻፍን። (ኳራንቲን ውስጥ የሚፈለግ ፋይል ካለ ግን ከስንብቱ በፊት ሪስቶር ይደረግ። ራስዎ ቆልፈው ስለሚያስቀምጡት ከሄዱ ወዲያ ከፋች የለውም።)

ይሁንና ይህንኑ ፎልደር ልናጠፋ ስንል «አክሰስ ዲናይድ» ተባልን። በገዛ ማሽናችን፣ አድሚኒስትሬተር ሆነን! ቫይረስ እንዳያጠፋዎ ተብሎ የተሰጠዎ ራስን መከላከያ ድራይቨር ከርነል (የዊንዶውስ እምብርት) ውስጥ ሆኖ ባለቤትና ሌባ አይለይም። አንዳንዱ ፋይልዎ ደግሞ የሚሰረዘው በሚቀጥለው ሪስታርት ነው። ሪስታርት አልን እንጂ ሻት ዳውን አላልንም። በዊንዶውስ 10ና 11 ፋስት ስታርትአፕ ከተከፈተ፣ ሻት ዳውን ከርነሉን ዲስክ ላይ አስተኝቶ በማግስቱ እንዳለ ይቀሰቅሰዋል፤ እርስዎም አብረው ተኝተው አብረው ይነቃሉ። ሰው ሳምንት ሙሉ እያጠፋ እያበራ «አልሄድ አለ» የሚለው ለዚህ ነው።

ያሳደጉዎት ድርጅቶች ጠባይዎን ስለሚያውቁ ማስወጫ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ይህም አንኢንስቶል እንደማያስወጣዎ የሰጡት የእምነት ቃል ነው። አቫስት «አቫስት ክሊር» አለው፣ ኤቪጂ «ኤቪጂ ክሊር»፣ ማካፊ «ኤምሲፒአር»፣ ካስፐርስኪ «ኬኤቪ ሪሙቨር»፣ ኢሴትም የራሱ አንኢንስቶለር። የኖርተኑ ስም «ሪሙቭ ኤንድ ሪኢንስቶል» ነው። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብተን «ሪሙቭ ኦንሊ» ካላልነው አሰናብቶ እዚያው መልሶ ይቀጥርዎታል። ይህም ቢሆን በ2024 በአሜሪካ ከሆነው ይሻላል። ያኔ ካስፐርስኪ ሲታገድ ብዙ ደንበኞች ሳይጠየቁ «አልትራ ኤቪ» የሚባል ተተኪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

መሣሪያው ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ይወርዳል፤ የሚወርደውም መሣሪያው ወደሚሠራበት ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊው ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ከመገባቱ በፊት ነው፣ ተራው ሴፍ ሞድ ኢንተርኔት የለውምና። መግቢያው ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ላይ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪይ ሊጠይቅ ስለሚችል ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት ይያዝ። ስልክ ላይ አለ ብሎ መተማመን የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ነው።

መሣሪያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መውጣትዎን የምናረጋግጠው በቃልዎ አይደለም። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተን «ኤፍኤልቲኤምሲ» ብለን እንጽፋለን። የፋይል ሲስተም ፊልተሮች (ፋይል ሲከፈት መሃል የሚገቡ ድራይቨሮች) ከነአልቲትዩድ (የተራ) ቁጥራቸው ይደረደራሉ። ከ320000 እስከ 329998 ያለው የአንቲቫይረሶች ወንበር ነው። 328010 ላይ የተቀመጠው «ደብሊውዲ ፊልተር» የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የዲፌንደር ነው፣ አይነካም። በዚያ ክልል የእርስዎ ስም ዛሬም ካለ ግን እያንዳንዱ የምንከፍተው ፋይል በእጅዎ እያለፈ ነው ማለት ነው። በኤኤስደብሊው የሚጀምር የአቫስት፣ በኤምኤፍኢ የሚጀምር የማካፊ፣ በኬኤል የሚጀምር የካስፐርስኪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቅን ሰው ይሳሳታል። በንዴት ሲስተም32 ውስጥ «ድራይቨርስ» ፎልደር ገብቶ የእርስዎን ባለ ኤስዋይኤስ (የድራይቨር) ፋይል ይሰርዛል፣ በሬጅስትሪው (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ግን ስምዎ አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ ስሙን ጠርቶ ሰውየውን ያጣና ሥራ ሊያቆም ይችላል። የኪቦርድ ፊልተር ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር «ኮድ 39» ይልና ኪቦርዱ ዝም ይላል፤ ፓስወርድ መጻፊያ ጠፍቶ በማውዝ ኦን ስክሪን ኪቦርድ መፈለግ ይመጣል። የዲስክ ፊልተር ከሆነ ደግሞ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ነው፣ እዚያ ማውዝም አያድንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከፋይሉ አይጀምርም። ሪስቶር ፖይንት (ቢበላሽ መመለሻ) ተፈጥሮ፣ የሚነካው የሬጅስትሪ ቁልፍ ኤክስፖርት ተደርጎ፣ መጀመሪያ «አፐር ፊልተርስ» ወይም «ሎወር ፊልተርስ» ከሚለው ዝርዝር የእርስዎ ስም ብቻ ይወጣል። በኪቦርድ ክላስ (በ4ዲ36ኢ96ቢ የሚጀምረው) «ኬቢዲ ክላስ» የሚለው መስመር የዊንዶውስ ስለሆነ ይቀራል፤ እሱም ከጠፋ ኪቦርዱ አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ በኮማንድ ፕሮምፕቱ «ኤስሲ ዲሊት» እና የሰርቪሱ ስም ይጻፋል። ከዚያ ሪስታርት። ኤስዋይኤስ ፋይሉ የሚሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁሉንም ይቅር ብንልዎ የማንልዎት አንድ ነገር አለ፤ በተረኛ ጥበቃ መዝገብ ላይ መቆየትዎ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ስምዎን እያየ «ተረኛ አለ» ብሎ ዲፌንደርን አይቀሰቅስም። እርስዎ የሉም፣ እሱ ተኝቷል፣ በሩ ክፍት ነው። ይህ መዝገብ በደብሊውኤምአይ (ዊንዶውስ ስለ ራሱ መረጃ በሚይዝበት ክፍል) ውስጥ «ሩት» ሥር «ሴኪዩሪቲ ሴንተር 2» በሚባል ክፍል ይገኛል። ማስወጫ መሣሪያው ካላጸዳው፣ በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ «ደብሊውቤም ቴስት» (wbemtest) በሚባል የዊንዶውስ መሣሪያ ከክፍሉ ጋር ተገናኝቶ፣ «አንቲቫይረስ ፕሮዳክት» ሥር ያሉትን አውጥቶ፣ የእርስዎን ብቻ መርጦ ዲሊት ማለት ነው። ሪስታርት ሲደረግ ዲፌንደር ዓይኑን ይገልጣል።

ድረ ገጾችን ሲፈትሹበት የነበረው ሩት ሰርተፊኬትም (ኮምፒውተሩ የሚያምነው ማኅተም) በ«ሰርትኤልኤም» (certlm)፣ በዊንዶውስ የሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ፣ ውስጥ ከታመኑት ጋር ተሰልፎ ከተገኘ ይሰረዝ። ፋየርፎክስ የራሱ ዝርዝር ስላለው እዚያም ይታይ።

ክሊራንስዎን በአስቸኳይ እንዲጨርሱ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተሩ ባለቤቶች

ግልባጭ፦
ለሬጅስትሪ ክሊነር ነጋዴዎች፤ ባዶ የቀሩ ቁልፎች ማሽን ስለማያዘገዩ እንዳትደክሙ፣
ለአዲስ ላፕቶፕ ሻጮች፤ ማካፊን ለሙከራ ብላችሁ ጭናችሁ ስለምትልኩልን ለማመስገን፣
ለባንክ ካርዳችን፤ ፕሮግራሙ መጥፋቱ የዓመት ክፍያውን ስለማያቋርጥ ከአካውንቱ ገጽ «አውቶ ሪኒዋል» እስኪዘጋ ድረስ በጥበቃ ላይ እንዲቆይ።